ስንት ቆመ አትበለኝ፣ ስንት አለፈ በለኝ!

የአዲስ አበባው የጎተራ መጨናነቅ ከመርዘሙ የተነሳ፣ አንዱ ላንቻ ላይ ሆኖ «ደርሻለሁ» ብሎ የደወለላት ልጅ፣ ማሳለጫውን እስኪሻገር ተድራ፣ ወልዳ፣ ክርስትና አስነስታ ጠበቀችው። ከወሎ ሰፈር ዩኒፎርም ለብሶ ታክሲ የገባ ተማሪ ጎተራ የሚወርደው የምረቃ ጋዋን ለብሶ ነው። ከቄራ ትኩስ ሥጋ የጫነው መኪና ደግሞ ጎተራ ደርሶ የሚያራግፈው ቋንጣ ነው።

ይህ ማሟሟቂያ ነው። ተረብ ሕግ አለው፦ የተናገረ መልሱን ይቀበላል፣ የተቆጣ ተሸንፏል። ጎተራ ላይ በየመስኮቱ የሚወረወረውን እየሰማን ዝም ካልን የተረበኛ ወግ አይደለም። ዛሬ የምንመልሰው በቁጥር ነው። ስድብ እቤት ሳይደረስ ይረሳል፤ ሒሳብ ግን አልጋ ድረስ ይከተላል።

«ኧረ ይሄ መንገድ ስንት መኪና ነው የያዘው!»

ይዟል። ችግሩም መያዙ ነው ወንድሜ! መንገድ የተሠራው ሊያሳልፍ እንጂ ሊይዝ አይደለም። መያዝማ ሠፈሩ ስሙን ያገኘበት የእህል ጎተራ ይያዝ፤ ሥራው ነው። እህል ጎተራውን ሞልቶ ሲያድር ባለቤቱ እፎይ ብሎ ይተኛል፤ መኪና መንገዱን ሞልቶ ሲያድር ግን ባለቤቱ አብሮ መንገድ ላይ ያድራል።

የመንገድ መሐንዲሶች ይህን ለመለየት ሦስት ነገር ይለካሉ። አንደኛው ፍሰት ነው፦ አንድ ቦታ ቆመህ በሰዓት ስንት መኪና በፊትህ እንዳለፈ ትቆጥራለህ። ሁለተኛው ጥግግት ነው፦ ከላይ ሆነህ አንዴ ፎቶ ብታነሳ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት መኪና እንዳለ ታያለህ። ሦስተኛው ሁሉም የሚያወራለት ፍጥነት ነው። ሦስቱን የምታስታርቃቸው አንዲት ማባዛት ናት፦ ጥግግት ሲባዛ በፍጥነት ፍሰትን ይሰጣል። በኪሎ ሜትር 20 መኪና ኖሮ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሄዱ፣ በሰዓት 1,000 መኪና ያልፋል።

አሁን ወደ አንተ እንምጣ። የቤት መኪና ርዝመቱ ከ4 ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከፊቱ ያለውን ክፍተት ጨምረን 7 ሜትር እንስጠው። አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ መስመር ከ140 ብዙም የማይበልጥ መኪና ይይዛል ማለት ነው። አንተ «ስንት መኪና!» ብለህ የተደነቅኸው ይህን 140 አይተህ ነው። በፍጥነት አባዛው እንግዲህ። ማንም አይንቀሳቀስም፤ 140 ሲባዛ በዜሮ። 140ውን ከተማው አመጣው፤ ዜሮዋን ግን አንተም በፍሬንህ ረግጠህ ይዘሃታል።

«ምንም ቢሆን እያለፈ ነው፣ መንገዱ ሥራ ላይ ነው»

እያለፈማ ነው፤ ዕድሜህም እያለፈ ነው።

ብሩስ ግሪንሺልድስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ኦሃዮ ውስጥ መንገድ ዳር ካሜራ ተክሎ መኪና በተከታታይ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሰው ሠርግ በፎቶ ሲያነሳ እሱ ሰልፍ ያነሳ ነበር። በ1935 ያሳተመው ውጤት፣ መኪኖች እየተጠጋጉ በሄዱ ቁጥር ፍጥነታቸው በቀጥታ መስመር እየወረደ ይሄዳል የሚል ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት መስመሩ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም ብለው አርመውታል፤ ለተረብ ግን የእሱ ይበቃናል።

ባዶ መንገድ ላይ 60 የሚነዳበት፣ ሲጠቀጠቅ ደግሞ በኪሎ ሜትር 140 መኪና የሚይዝ አንድ መስመር እንውሰድ። በግሪንሺልድስ ሒሳብ ይህ መስመር ብዙ መኪና የሚያሳልፈው ባዶ ሲሆንም ሲሞላም አይደለም፤ ልክ መሐሉ ላይ ነው። በኪሎ ሜትር 70 መኪና፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፤ ውጤቱ በሰዓት 2,100 መኪና። ከዚያ በኋላ የምትጨምረው እያንዳንዱ መኪና ፍሰቱን ይዞት ይወርዳል።

ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። እሑድ ንጋት ላይ በ55 ስትበር በኪሎ ሜትር 12 ያህል መኪና አለ፤ ፍሰቱ በሰዓት ወደ 640 ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በ5 ስትጎተት በኪሎ ሜትር 128 ያህል መኪና አለ፤ ፍሰቱ ያው ወደ 640 ነው! ያንኑ ሥራ እሑድ 12ቱ እያፏጩ፣ ሰኞ 128ቱ እየተሰዳደቡ ይሠሩታል። መንገድ ዳር ቆሞ ያለፈውን ብቻ የቆጠረ ሰው ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ቀን «640» ብሎ ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ «እያለፈ ነው» የሚል ሰው ቢገጥምህ «በስንት ሆኖ?» በለው። መልስ ካጣ ነጥቡን ውሰድ።

«እኔ መሪ ከያዝኩ ከ60 አልወርድም!»

ጌታዬ፣ አንድ የቆሎ ሻጭ ልጅ በእግሩ ሦስት ጊዜ ቀድሞህ ሁለት ጊዜ ሸጦልሃል።

ግን እንመንህ። ከንፋስ ስልክ በኩል ስትመጣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር እውነትም በ60 ነዳህ እንበል፤ አንድ ደቂቃ ፈጀብህ። ቀጣዩን ኪሎ ሜትር በ20 ተጎተትክ፤ ሦስት ደቂቃ። አማካይህ ስንት ነው? «60 እና 20 ደምሬ ለሁለት ሳካፍል 40» ካልክ፣ አስተማሪህ ዛሬም በዚሁ መንገድ ላይ ቆመው አንተን እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር በአራት ደቂቃ፤ 30 ነህ። ዘገምተኛው ኪሎ ሜትር ጊዜህን ስለሚበላው አማካይህንም እሱ ነው የሚወስንልህ።

እንግሊዛዊው ጆን ዋርድሮፕ እ.ኤ.አ. በ1952 ይህንኑ ነገር ለመንገድ ሁሉ አስልቶ አስቀመጠው። አንድ ቦታ ራዳር ይዞ የቆመ ሰው የሚያገኘው አማካይ ፍጥነት፣ መንገዱን ርዝመቱን ሙሉ ከሚያይ ሰው አማካይ አያንስም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። ምክንያቱም ፈጣኖቹ ራዳሩ ፊት ቶሎ ቶሎ እየደረሱ በብዛት ይቆጠራሉ፤ የቀሩት ገና መንገድ ላይ ናቸው። ዳሽቦርድህ ላይ ያየሃትን 60 ይዘህ የምትፎክረውም በዚሁ ስሌት ነው፦ የበረርክባትን ደቂቃ ቆጥረህ የቆምክበትን ሰዓት ለኛ ትተህ።

«ክፍተት አትስጠው፣ ይገባብሃል!»

ቢገባስ? መኪና ነው እንጂ ሽማግሌ አልተላከብህም።

ባንተና ከፊትህ ባለው መኪና መካከል ሁለት ሰከንድ ይኑር እንበል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በአንድ መስመር በሰዓት 1,800 መኪና በሰላም ያልፋል። አንተ ግን ብልጥ ነህ፦ «አንድ ሰከንድ ባደርገው 3,600 ያልፋል!» እውነትህን ነው፤ ከፊትህ ያለው ሰው ስልኩን ለማየት ጎንበስ እስኪል ድረስ። ከዚያ እሱ ፍሬን ይነካል፣ አንተ ፍሬን ትረግጣለህ፣ ከኋላህ ያለው ፍሬኑ ላይ ይቆማል፣ ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ እናቱን ይጠራል።

ይህን ጃፓኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ሙከራ 22 መኪና 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አሰልፈው «ሁላችሁም በ30 ገደማ ዙሩ» አሏቸው። መብራት የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ወያላ የለም፣ ለበዓል በግ የሚያሻግር ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ መጨናነቅ ከየትም መጣ! መኪኖቹ ወደፊት ሲሄዱ፣ የመቆም ማዕበሉ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደኋላ ይጓዝ ነበር። ወንጀለኛ ቢፈለግ 22 ጨዋ ሹፌር ብቻ ተገኘ።

እንግዲህ ጎተራ ላይ በክላክስ የምታሳድደው ሰው ምናልባት ንጹሕ ነው። አንተ ግን እዚያው እንደቆምክ፣ የረገጥከው ፍሬን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየበረረ ወደ ሳሪስ ይወርዳል። ዛሬ ከነዳኸው ነገር ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው።

«ወራጅ አለ!»

እዚህ ላይ እኔ ዳኛ ልሁን፤ ግጥሚያው በአንድ ባለ ኮድ 2 የቤት መኪና እና በአንድ ወያላ መካከል ነው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል።

— አንተ! መንገድ መሐል ነው እንዴ ሰው የሚወርደው?

— ታዲያ ጋሼ፣ ቤታቸው ድረስ ላድርሳቸው?

— ዳር ያዝና አውርድ!

— ዳሩንማ እርስዎ አቁመውበት ቡና ጠጥተውበታል።

— ይህን ሁሉ ሰው አስቁመህ አታፍርም?

— የታለ ሰው? እኔ የማየው ሰልፍ ሙሉ ባዶ ወንበር ነው።

— መኪናዬ አምስት ሰው ይይዛል!

— ከጎንዎ ማን ተቀምጧል?

— ቦርሳዬ ነው።

— እኔ ጋ ቢሆን ታፋ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ሒሳብም ይከፍላል!

በቃ፣ በቃ። ዳኛው ይናገር።

የመጀመሪያው ነጥብ ለባለ ኮድ 2። ሚኒባሱ መስመሩ ላይ ለ30 ሰከንድ ሲቆም፣ በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና በሚያልፍበት መስመር ላይ 15 መኪና አገተ ማለት ነው። አሥር ሚኒባስ ተራ በተራ ይህን ቢያደርግ አምስት ደቂቃ፣ 150 መኪና። ወያላው «አንዴ ብቻ፣ ጠጋ በሉልኝ» ያላት አንዴ፣ በጎተራ ሰዓት ስትባዛ ብቻዋን አትቀርም።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ለወያላው ነው፤ ትልቁም እሱ ነው። መንገድ ላይ ጉዳይ ያለው ሰው እንጂ ቆርቆሮ አይደለምና ፍሰቱን በሰው እንቁጠረው። ያች በ5 ኪሎ ሜትር የምትጎተት መስመር በሰዓት 640 መኪና ታሳልፋለች አልን። በእያንዳንዱ አንድ ሰውና አንድ ቦርሳ ካለ፣ ያለፈው ሰው 640 ነው። 12 ሰው በያዘ ሚኒባስ ይህንኑ ሕዝብ ለማሳለፍ 54 ሚኒባስ ይበቃል። 60 ሰው በጫነ አንበሳ ወይም ሸገር አውቶቡስ ከሆነ 11። ለመሐንዲስ አውቶቡስ ትልቅ ስለሆነ እንደ ሁለትና ሦስት ትንሽ መኪና ይቆጠራል፤ እንደ ሦስት ብንቆጥረው እንኳ 33 መኪና የሚወስደውን ቦታ ይዞ የ640ን ሥራ ይሠራል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው፣ በላንቻ በኩል አንተን እያለፈ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው ቀላል ባቡር ደግሞ ሞልቶ ከሄደ በሦስት ምልልስ ይጨርሰዋል። አንተ ባቡሩን በመስኮት አይተህ «ተጨናንቋል» ትላለህ። እሱም አንተን በመስኮት ያይሃል፤ ልዩነቱ እሱ እየሄደ ነው።

«ኤሌክትሪክ ገዛሁ፣ እኔ ተገላገልኩ»

ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልክ፤ ከጎተራ ሰልፍ ማን ገላገለህ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ጎተራ ላይ የሚቆመው አዲስ መኪና ድምፅ የለውም። ጭሱ ቀረ፣ ጩኸቱ ቀረ፣ ደግ ነው፤ ሳንባችን ያመሰግናል። ጥግግት ግን ታንከርህን ከፍቶ አያይም። ኤሌክትሪኩም ያችኑ 7 ሜትር ይወስዳል፤ 140ዎቹም 140 ናቸው። ቀድሞ በክላክስ ትቆም ነበር፣ አሁን በጸጥታ ትቆማለህ።

«ማሳለጫ ተሠርቶልን የለ እንዴ?»

ተሠርቷል፤ ለዚያውም ጥሩ ሥራ ሠርቷል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ የሚወርደውና ከወሎ ሰፈር ወደ ቄራ የሚሻገረው በአንድ ደረጃ ላይ ቢገናኙ ኖሮ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነበር የሚውለው። ማሳለጫው አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጎ ገላገላቸው። መገላገሉ ግን መድረስ አይደለም።

የመንገድ ፍሰት የሚወሰነው በሰፊው ቦታ አይደለም፤ በጠባቡ ነው። ሦስት መስመር ይዘህ ብትመጣ በሰዓት 5,400 መኪና ማሳለፍ ትችላለህ፤ ከፊት መንገዱ ወደ ሁለት መስመር ከጠበበ 3,600 ብቻ ነው የሚያልፈው። የቀረው 1,800 የት ይሂድ? በየደቂቃው 30 መኪና ሰልፉ ጅራት ላይ ይቀጠላል። ሦስተኛውን መስመር የዘጋው ድንጋይ መጣል አያስፈልገውም፤ አንድ «አሁን እነሳለሁ» ብሎ የቆመ መኪና ይበቃል። የዚያን መኪና ቁልፍ ይዞ ሱቅ የገባው ሰውዬ የማሳለጫውን ሁሉ ፍሰት በኪሱ ይዞ ገባ።

«እንግዲያው ጠባቡንም እናስፋው» ካልክ፣ አሜሪካዊው አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1962 የጻፈልህ መልስ አለ፦ በከተማ መንገድ ሲሰፋ፣ ቀድሞ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ መንገድ ወይም በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ሰፊው ይመጣና የጥድፊያ ሰዓቱ ተመልሶ ይሞላል። መንገዱ ሰፋልኝ ብለህ መኪና የገዛኸው አንተ ብቻ መሰለህ እንዴ?

«ልጄ ኤፍ ካመጣ እቤቴ አይገባም!»

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት የመንገድ አቅም መመሪያ ለመንገድ የትምህርት ቤት ውጤት መስጠት ጀመሩ፦ ከኤ እስከ ኤፍ። ኤ ማለት ማንም የማይከለክልህ ጉዞ፣ ኢ ማለት መንገዱ አቅሙ ጫፍ የደረሰበት፣ ኤፍ ማለት ከሚያልፈው የሚመጣው በልጦ ሰልፍ የተፈጠረበት ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ጎተራ ቆመህ ውጤትህን ራስህ ሙላ። ልጅህ ኤፍ ቢያመጣ ቤት አይገባም ያልከው ሰውዬ፣ አንተ በየማታው ቤትህ የምትገባው በኤፍ ነው። ያውም እያረፈድክ።

«መኪና ከሌለ ከተማው ሞተ ማለት ነው»

ከሆነማ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች በእሑድ ለመኪና ሲዘጉ ቀብር ይሆን ነበር። የመኪና ፍሰት ዜሮ፣ ጥግግት ዜሮ፣ የሚለካ ፍጥነትም የለ፤ በመሐንዲሱ ወረቀት ላይ መንገዱ የለም። ሰው ግን ነበረ፦ ኳስ የሚጫወት፣ ስኬት የሚነዳ፣ ገመድ የሚዘል፣ ከነልጆቹ የሚሮጥ። ዜሮ መኪና ያለፈበት መንገድ ያን ቀን ሕዝብ አሳልፎ ዋለ። ወረቀቱ ዜሮ ያለው መለኪያው መኪና ብቻ ስለሚያይ ነው።

«ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ ገንብተናል»

ይህን የሚሉት ትልቅ ሰው ናቸውና «አንተ» አንልም። ክቡርነትዎ፣ እግዜር ይስጥልን፤ አስፋልቱን አይተነዋል፣ ቆመንበትም ቆጥረነዋል። ነገር ግን ፍሰት አለ፣ ጥግግት አለ፣ ፍጥነት አለ፤ እርስዎ የነገሩን ኪሎ ሜትር ከሦስቱ አንዱም አይደለም። የተነጠፈውን ርዝመት ነገሩን፤ በላዩ ምን ያህል ሰው፣ በስንት ደቂቃ እንዳለፈ አልነገሩንም። ድስቱን አሳይተውን ወጡ፣ ወጡን ሳናይ።

የሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ሦስት ነገር ይጨመርልን፦ ጎተራን በጠዋቱ ጥድፊያ በሰዓት ስንት ሰው አለፈ? ከሳሪስ ላንቻ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ካለፈው ሰው ውስጥ ስንቱ በአውቶቡስ፣ ስንቱ በባቡር፣ ስንቱ ከቦርሳው ጋር ብቻውን? አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል፤ ለዚህ ተቋራጭ አይቀጠርም።

አንተም ብትሆን፣ ኮድ 2 ነህም ወያላ፣ ነገ ጎተራ ላይ ተረብ ሊጀምርህ የሚፈልግ ሰው ቢገጥምህ «ስንት ሰዓት ቆምን!» ብለህ አታልቅስበት። ይልቅ በመስኮት ብቅ በልና «መኪናህ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» በለው። ቁጥሩ ካንተ ከበለጠ ቅድሚያ ስጠው፤ ካነሰ ደግሞ ክላክሱን ይተውልህና ቦርሳውን አቅፎ ይቁም።